የወንዙን አፍ መጠበቅ ገበያን መጠበቅ ነው

ከአንድ የንግድ ቤት ጸሐፊ

ንግድ ማለት ዕቃን ከሚገኝበት ስፍራ አንሥቶ ወደሚፈለግበት ስፍራ ማድረስ መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባብያን ማስረዳት አስፈላጊ አይደለም። ነገር ግን ዕቃው ከሚገኝበት ስፍራ ጨርሶ የጠፋ እንደ ሆነ የነጋዴው ብልኀት፥ የሱቁ ማማር፥ የሚዛኑ ትክክለኛነት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህም ቡና ላኪው የቡናው ዛፍ በበሽታ እንዳይመታ ያስባል፤ የቆዳ ነጋዴው ስለ ከብቱ ጤና ይጠይቃል፤ የሰሊጥ ነጋዴው የክረምቱን ዝናም ሁኔታ ይከታተላል። ዓሣ ገዝቶ ከሚሸጠው፥ የዓሣ መረብ ከሚያስመጣው፥ ደረቅ ዓሣ ወደ ውጭ ከሚልከው መካከል ግን ዓሣው እንቍላሉን የት እንደሚጥልና መቼ እንደሚጥል ጠይቆ የሚያውቅ ስንቱ ነው? የዚህ ጽሑፍ ዐላማ ይህንኑ ጥያቄ በንግድ ምክር ቤታችን አባሎች ፊት ማቅረብና መልሱም ለሁላችን ጥቅም ምን ያህል ቅርብ እንደ ሆነ ማሳየት ነው።

ወንዝ ከባሕር ወይም ከሐይቅ ጋራ የሚገናኝበትን ስፍራ የወንዝ አፍ እንለዋለን። ስያሜው እጅግ ተስማሚ ነው፤ ሰውነት ምግቡን የሚቀበለው በአፉ እንደ ሆነ ሁሉ ባሕሩም ሐይቁም ከየብስ የሚመጣለትን ምግብ የሚቀበለው በዚሁ በኩል ነውና። ወንዙ ከደጋው ጠርጎ ያመጣው ለም አፈር በዚያ ይዘቅጣል፤ ሣርና ደንገል ይበቅላል፤ ጥቃቅን ነፍሳት ይራባሉ፤ የዓሣ ጫጩቶችም ከትልልቆቹ ዓሦች ተሸሽገው ያድጋሉ። ከዚህም በላይ በባሕር ወይም በሐይቅ አድገው በወንዝ ውስጥ እንቍላል የሚጥሉ ዓሦች ሲወጡም ሲወርዱም የግድ የሚያልፉበት በር ነው። የወንዝ አፍ በብዙ አገር የዓሣ መናኸሪያ የሆነው ስለዚህ ነው። ዓሣ አጥማጅ ሁሉ መረቡን ለመዘርጋት የሚሽቀዳደመውም በዚያው ስለ ሆነ ጥፋቱም ከዚያው ይጀምራል።

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ ስለሌላት ይህ ነገር እኛን አይመለከትም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይሁን እንጂ ሕዝባችን ጣናን ከጥንት ጀምሮ ባሕር ብሎ እንደሚጠራው፥ በዳርቻው የተቈረቈረችውም ከተማ ስሟ ባሕር ዳር መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎሜትር ያህል ስፋት ያለው፥ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ያህል የሆነ፥ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ዋነኞቹ ገባሮቹ ሲሆኑ ከእርሱ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው። ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ ጥቂት እንደ ተጓዘ በጢስ ዓባይ ገደል ተወርውሮ ስለሚወርድ፥ ከታች ያለ ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ ሐይቁን ሊቀላቀል አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣና ዓሦች ከቀረው የዓባይ ወንዝ ዓሦች ተለይተው ለብቻቸው ሲራቡ ኖረዋል።

ከእነዚህም መካከል ሳይንቲስቶች ላቤዮባርቡስ የሚሉት፥ በሐይቁ አካባቢ ነጭ ዓሣ እየተባለ የሚሸጠው ወገን ይገኛል። (በጫሞና በአባያ በኩል በዚሁ ስም የሚጠራው ሌላ ዓሣ ስለ ሆነ አንባቢ እንዳያደባልቀው እለምናለሁ።) ገበያተኛው ሁሉንም በአንድ ስም ይጥራው እንጂ የጣና ነጭ ዓሣ አንድ ዓይነት አይደለም። የዕውቀት ሰዎች መርምረው ከ15 የማያንሱ ዓይነቶችን ለይተዋል። አንዱ ሌላውን ዓሣ እያደነ የሚበላ ነው፤ ሌላው ከጭቃ ውስጥ ትላትል ይለቅማል፤ ሌላው ዕፀዋትን ይመገባል፤ የአፋቸውም ቅርጽ እንደየምግባቸው ይለያያል። እንዲህ ያለ ከአንድ ዘር ወጥቶ በአንድ ሐይቅ ውስጥ በብዙ ዓይነት የተከፋፈለ የዚህ ወገን ዓሣ በምድር ላይ ሳይጠፋ የቀረው በጣና ብቻ ነው። ለአገር ክብር ነው ብለን ልናልፈው እንችል ነበር፤ ጕዳዩ ግን ከክብር ይልቅ ወደ ሒሳብ መዝገብ የሚያመራ ነው።

ነገሩም እንዲህ ነው። ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች መካከል ቢያንስ 7ቱ እንቍላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ክረምት ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ፥ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፥ ከሰፊው ሐይቅ እየተነሡ በወንዞቹ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ። በዚያም ጥቂት ቈይተው ሽቅብ ወደ ወንዙ ይወጡና ንጹሕ ውሃ የሚሮጥባቸውን፥ ጠጠር የተነጠፈባቸውን ትንንሽ ገባሮች ፈልገው በጠጠሩ መካከል እንቍላላቸውን ይጥላሉ። ከዚያም ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ከተፈለፈሉ በኋላ ወንዙን ተከትለው ይወርዳሉ። እንግዲህ በዓመት ውስጥ በነዚህ ጥቂት ወራት፥ በሰፊው ውሃ ተበትኖ የነበረው የወላድ ዓሣ ሀብት ሁሉ በጥቂት ሜትር ስፋት በር ላይ ተጠቅልሎ ይገኛል ማለት ነው። በዚያች በር ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ያለ ብዙ ድካም ታንኳውን ይሞላል። የሚሞላው ግን በዓሣ ብቻ ሳይሆን በሚመጡት ዓመታት ዓሦች ጭምር ነው፤ የእያንዳንዷ እናት ሆድ በእንቍላል የተሞላ ነውና።

በቀድሞው ዘመን ይህ ነገር ብዙ ጕዳት አላደረሰም። ዓሣ ማጥመድ የሐይቁ ዳርቻ ነዋሪዎች፥ በተለይም የነገደ ወይጦ ሰዎች ሥራ ነበር። መሣሪያቸውም ከደንገል የተሠራች ታንኳና በእጅ የተሠራ መረብ ስለ ነበረ የሚይዙት ከቤታቸውና ከቅርብ ገበያ እምብዛም አያልፍም ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግን የመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት፥ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና አንድ የኆላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ተባብረው ባለሞተር ጀልባዎችንና የናይለን መረቦችን ወደ ሐይቁ አስገቡ። ዐላማው መልካም ነበር፤ ውጤቱም ቶሎ ታየ። በ1979 ዓ.ም. 39 ቶን ያህል የነበረው የነዚህ ባለመረብ አጥማጆች ዓመታዊ ምርት በ1989 ዓ.ም. 360 ቶን ያህል ደረሰ። ይህን ያየ ሰው ሁሉ የዓሣ ንግድ ማለቂያ የሌለው በረከት መስሎ ቢታየው አያስደንቅም።

ይሁን እንጂ የተመራማሪዎች መረብ ሌላ ታሪክ ነገረን። ከኆላንድ አገር ከዋኼኒንገን ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሊቃውንት ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው በአንድ ዓይነት መረብ፥ በአንድ ዓይነት ዘዴ ሐይቁን በየጊዜው ይፈትሹ ነበር። ያገኙትም ውጤት ከ1983 ዓ.ም. እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ የነጭ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን የሚያሳይ ነው። ከዚያም የባሰው ወደ 90 በመቶ ያህል የቀነሰው የወጣቶቹ ዓሦች ቍጥር መሆኑ ነው። ለነጋዴ የዚህን ትርጕም ማስረዳት ቀላል ነው። ትልልቁ ዓሣ ቢቀንስ ዕቃ አለቀ ማለት ነው፤ ወጣቱ ቢቀንስ ግን ዕቃ የሚያመጣው ፋብሪካ ቆመ ማለት ነው።

ይህን ነገር በሒሳብ ቋንቋ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። አንድ ሰው 100 ብር ዋና ገንዘብ ቢኖረውና በዓመት 10 ብር ወለድ ቢያስገኝለት፥ ወለዱን እየበላ ዘመኑን ሁሉ ሊኖር ይችላል። ዋናውን እየቈረሰ የበላ እንደ ሆነ ግን ለጊዜው የጠገበ ይመስለዋል እንጂ የሚበላው ነገውን ነው። በሰፊው ሐይቅ ላይ በበጋ የሚያዝ፥ አንድ ጊዜ ሁለት ጊዜ እንቍላል የጣለ ዓሣ ወለድ ነው። በነሐሴ በጉማራ አፍ ላይ እንቍላል ቋጥሮ የሚያዝ ነጭ ዓሣ ግን ዋናው ገንዘብ ነው። ገበሬያችን በችጋር ዘመን እንኳ የዘር እህሉን ላለመብላት የሚታገለው ይህን ስለሚያውቅ ነው። ነጭ ዓሣ ደግሞ ዝግ ብሎ የሚያድግ እንጂ እንደ ጎመን ዛሬ ተዘርቶ ነገ የሚለቀም ስላልሆነ፥ አንድ ጊዜ የጎደለው ቶሎ አይተካም።

ገበያችን በዚህ ጥፋት ያለውን ድርሻ መመልከትም ተገቢ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንት ልተወውና፥ የዓሣ ፍላጎት በጾም ወራት እንደሚጨምር ግን የሱቅና የሆቴል ባለቤት ሁሉ ያውቃል። ከአጽዋማቱ ሁሉ ረጅሙ ዐቢይ ጾም በበጋ ስለሚውል በወንዝ ለሚወልደው ዓሣ እምብዛም አያሠጋውም። የፍልሰታ ጾም ግን ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን የሚውል ስለ ሆነ፥ ወላዱ ዓሣ በወንዝ አፍ ከሚሰበሰብበት ወቅት ጋራ ይጋጠማል። ዋጋው ሲወደድ፥ ዓሣውም በአንድ በር ላይ ተሰብስቦ ሲገኝ፥ አጥማጁ መረቡን ከዚያ እንዲያነሣ በምክር ብቻ መጠየቅ ውሃን ሽቅብ እንዲፈስ መጠየቅ ይሆናል። አጥማጁን ወደዚያ የሚገፋው የእኛ ትእዛዝና የእኛ ገንዘብ መሆኑን መካድ አይቻልም።

በርግጥ ጥፋቱን ሁሉ በመረብ ላይ ብቻ መጫን እውነት አይሆንም። በወንዞቹ ላይኛ ክፍል የብርብራ ፍሬ እየወቀጡ ውሃ ውስጥ በመነስነስ ዓሣን አደንዝዞ የመያዝ ልማድ አለ፤ ይህም ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይፈጃል። ለቤት ሥራ የሚሆን አሸዋና ጠጠር ከወንዝ ሲዛቅ እንቍላል የሚጣልበት መኝታ ይፈርሳል። ለመስኖ የሚጠለፈው ውሃና በገባሮቹ ላይ የተሠሩት ግድቦች፥ ለምሳሌ የቆጋና የርብ ግድቦች፥ ለእርሻ የሚሰጡት ጥቅም የታወቀ ቢሆንም ለሚወጣው ዓሣ መንገዱን ያጠቡታል። ከተራቈተው ተራራ የሚወርደው ደለል ጠጠሩን ይሸፍነዋል። በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ በመገጭ አፍ አካባቢ የታየው እምቦጭ የተባለው አረምም ጫጩት የሚያድግበትን ዳርቻ ሸፍኖ አጥማጁንም ዓሣውንም አስቸግሯል። ነገር ግን ቤቱ በብዙ በኩል የሚያፈስ ሰው፥ ሁሉን በአንድ ቀን መድፈን አልቻልኩም ብሎ እጁ የሚደርስበትን ቀዳዳ ክፍት አይተውም። የነጋዴ እጅ የሚደርስበት ቀዳዳ መረቡና ገበያው ነው።

ነገሩን ችላ ብንለው ምን እንደሚከተል ለማወቅ ከፊሊፒን ደሴቶች ትምህርት እናገኛለን። በዚያ ላናዎ በተባለ ሐይቅ ውስጥ እንደ ጣና ያለ፥ ከሌላ ስፍራ የማይገኝ የዓሣ ወገን ይኖር ነበር። ከውጭ የመጡ አዳኝ ዓሦች በሐይቁ ውስጥ ተራቡ፤ በዚህም ላይ ያለ ልክ ማጥመድና አጥፊ የማጥመጃ ዘዴ ተጨመረበት። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ባወጣው መግለጫ በዚያ ሐይቅ ብቻ ይገኙ ከነበሩት 17 ዓይነቶች 15ቱ ፈጽሞ መጥፋታቸውን፥ 2ቱም ሳይጠፉ እንዳልቀሩ አስታወቀ። ለዚህ ዓሣ ነጋዴ የነበረ ሰው ዛሬ ምን ይሸጣል?

በአንጻሩ ደግሞ የወንዛቸውን አፍ ጠብቀው የተጠቀሙ አገሮች አሉ። በባንግላዴሽ ሂልሳ የሚባል ዓሣ ከቤንጋል ባሕር ተነሥቶ በሜግና ወንዝ አፍ በኩል ወደ ወንዞቹ እየወጣ እንቍላል ይጥላል። ይህ ዓሣ ለዚያ አገር ሕዝብ የዕለት ምግብም የንግድ ሀብትም ነው። እየቀነሰ በሄደ ጊዜ መንግሥቱ በወንዙ አፍና በአካባቢው የተከለሉ ስፍራዎችን ወሰነ፤ ከ25 ሳንቲሜትር በታች የሆነውን ወጣት ሂልሳ ከኅዳር እስከ ሰኔ ገደማ ማጥመድን ከለከለ፤ እናቶቹ እንቍላል በሚጥሉበት በጥቅምት ወር ገደማም ለ22 ቀኖች መረብ እንዲነሣ አደረገ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ለተመዘገቡት ድኻ የአጥማጅ ቤተ ሰቦች፥ ወጣቱን ማጥመድ በተከለከለበት ወቅት ለአራት ወራት፥ በየወሩ 40 ኪሎ ሩዝ እንዲሰጥ መደረጉ ነው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2002 እና 2003 የምርት ዓመት 200,000 ቶን ያህል የነበረው ምርት በ2017 እና 2018 ከ500,000 ቶን በላይ ሆነ። ዕድገቱን ሁሉ ያመጣው ክልከላው ብቻ ነው አልልም፤ ሕጉንም የሚጥስ ሰው አልጠፋም። ነገር ግን እናቱን ያሳለፈ ሰው ልጆቿን እንደሚያገኝ ይህ በቂ ምስክር ነው።

በአሜሪካም በቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ፥ ብዙ ወንዞች ከባሕር በሚቀላቀሉበት ስፍራ፥ በጐኑ ላይ መስመር ያለበት አንድ የታወቀ ዓሣ ሊያልቅ በተቃረበ ጊዜ፥ የሜሪላንድ ክፍለ አገር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1985 እስከ 1990 ድረስ ማጥመዱን ጨርሶ አገደ። አጥማጁም ነጋዴውም አጕረምርመዋል። በ1995 ግን የዓሣው ብዛት ወደ ቀድሞው መመለሱ ተነገረ። አምስት ዓመት ሙሉ ገበያን መዝጋት ከባድ ቅጣት ነው፤ ለዚያ ደረጃ ያልደረሰ ሰው በዓመት ጥቂት ሳምንታት ብቻ በመታገሥ ሊያመልጠው ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን ምክር እዚህ ላይ ቦታውን ያገኛል።

በእኛም አገር ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ጣናን ከዓለም የተጠበቁ የሕይወት ክልሎች አንዱ አድርጎ መዝግቦታል። ነገር ግን ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ወንዞቹ ብዙ ናቸው፤ ተቈጣጣሪው ጥቂት ነው፤ ሌሊቱም ጨለማ ነው። በዚህ ሁሉ ዳርቻ ዘብ ማቆም የማይቻል ቢሆንም መረብ የሚገባበትና ዓሣ የሚወጣበት በር ግን ጥቂት ነው። በዚያ በር ላይ ቆመን የምንገኘው እኛ ነጋዴዎቹ ነን። ስለዚህ ለምክር ቤታችን አባሎች የሚከተሉትን አሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የመረብ አስመጪዎች ዐይኑ ከተፈቀደው ልክ የጠበበ መረብ፥ እንዲሁም ከአንድ ወጥ ቀጭን የፕላስቲክ ክር የተሠራውን ርካሽ መረብ ላለማስመጣት በመካከላቸው ይስማሙ። ይህ መረብ ቶሎ ይበጣጠሳል፤ በውሃ ውስጥ ተጥሎ ሲቀርም ማንም ሳያነሣው ዓሣ እየያዘ ይኖራል። ባለሱቁም በሚሸጠው መረብ ላይ የዐይኑን ልክ በግልጽ በሚነበብ ቍጥር ጽፎ ይለጥፍ። ገዥው ምን እንደገዛ፥ ተቈጣጣሪውም ምን እንደተሸጠ ያውቃል።

ሁለተኛ፤ የዓሣ ነጋዴዎችና ባለሆቴሎች በክረምት ወራት እንቍላል የቋጠረ ነጭ ዓሣ ላለመግዛት ይወስኑ። ይህን ማወቅ ምርምር አያስፈልገውም፤ ሆዱ ሲከፈት እንቍላሉ ይታያል። በዚያው ጊዜ ከወንዝ አፍ ርቆ በሰፊው ሐይቅ የተያዘ አምባዛ፥ በኩሬ የሚረባ ቆሮሶም በተገኘበት ስፍራ፥ የደንበኛውን ፍላጎት በከፊል ሊሸፍን ይችላል። የቀረውን ደግሞ ምስርና ሽሮ ይሸፍነዋል።

ሦስተኛ፤ የዱቤ ቀጠሮ ይለወጥ። በዚህ ጕዳይ ላይ እኔ ከሥራዬ የተነሣ ትንሽ የማውቀው ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት የዱቤ መዝገብ ስጽፍ እንዳየሁት፥ በሰኔ መረብ በዱቤ የወሰደ ሰው ዕዳው መስከረም ላይ እንዲከፈል ይፈረማል። ሰውየው ዕዳውን ለመክፈል ከሐምሌ እስከ መስከረም ከወንዝ አፍ በቀር ወዴት ይሄዳል? በመዝገብ ላይ ያለች አንዲት የቀን ለውጥ፥ ማለትም የመክፈያው ጊዜ ወደ ታኅሣሥ መዛወሩ፥ ብዙ መረብ ከወንዝ አፍ ሊያነሣ ይችላል። አበዳሪውም አይጐዳም፤ ዓሣ የሌለው ባለዕዳ በመስከረምም በታኅሣሥም አይከፍልምና።

አራተኛ፤ ማቀዝቀዣና በረዶ፥ እንዲሁም ንጹሕ የማድረቂያ ስፍራ ይዘጋጅ። በበጋ የተያዘ ዓሣ ሳይበላሽ የሚቆይ ቢሆን ነጋዴው በክረምት በወላዱ ላይ ለመውደቅ አይገደድም። ወደ ሱዳን ሲላክ የኖረው ደረቅ ዓሣም በጥሩ ሁኔታ ቢዘጋጅ የተሻለ ዋጋ ያወጣል። ዛሬ ከጀልባው እስከ ገበያው በሚደርስበት ጊዜ በሙቀት የሚበላሸው ዓሣ ማንንም ሳይጠቅም ከሐይቁ የጎደለ ነው። ያለማጥፋት ደግሞ እንደ ማትረፍ ይቈጠራል።

አምስተኛ፤ ወንዝ አፉ ለሚዘጋበት ወቅት የአጥማጁ ቤት ይታሰብ። ባንግላዴሽ ሩዝ እንደ ሰጠ እኛም እህል መስጠት አያቅተንም። ከእያንዳንዱ የተላከ ወይም የተሸጠ ኪሎ ዓሣ ላይ ጥቂት ሳንቲም እየተቈረጠ በምክር ቤቱና በአጥማጆቹ ማኅበራት የጋራ መዝገብ ቢቀመጥ፥ በነሐሴና በመስከረም ለተመዘገቡት ቤተ ሰቦች ጤፍ ወይም በቆሎ ሊገዛ ይችላል። በደንገል ታንኳ ተቀምጦ ለልጆቹ እራት ጥቂት ዓሣ የሚይዘው ሰው፥ መቶ ሜትር መረብ በወንዝ አፍ ላይ ከሚዘረጋው ጋራ አንድ ተደርጎ እንዳይታይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ይህን አሳብ የሚቃወሙ ሰዎች እንደሚኖሩ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ያለ መልስ መታለፍ የለበትም። አንዳንዱ፥ እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል፤ እኔ ብቻ ከስሬ ምን አተርፋለሁ ይላል። እውነት ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢታቀብ ለተፎካካሪው ገበያ ያስረክባል። ንግድ ምክር ቤት የተቋቋመው ግን አንዱ ለብቻው ሊያደርገው የማይችለውን ሁሉም በአንድነት እንዲያደርጉት ነው። በአንድ ቀን፥ በአንድ ውል፥ ሁሉም ከፈረመ ማንም በማንም ላይ አይበልጥም። ፈርሞ ያፈረሰውም ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ፥ በነጋዴ ዘንድ ከስም መጥፋት የሚበልጥ ቅጣት ስለሌለ ሌላው ይጠነቀቃል።

ሌላው ደግሞ ሐይቁ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ሲሰጥ ኖሯል፤ ዛሬ ምን አዲስ ነገር መጣ ይላል። አዲሱ ነገር የናይለኑ መረብ፥ የሞተሩ ጀልባና ዓሣውን በአንድ ሌሊት ሩቅ ከተማ የሚያደርሰው መኪና ነው። ጥንት ሐይቁን የጠበቀው የሰው ደግነት ሳይሆን የመሣሪያው ድካም ነበር። መሣሪያው በበረታ መጠን ሕጉና ስምምነቱም ካልበረታ፥ ጥንት የነበረው ወደ ፊትም ይኖራል ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሦስተኛው ወገን ጥፋቱ የገበሬው፥ የአሸዋ ዛቂው፥ የግድብ ሠሪው ነው፤ በቅድሚያ እነርሱ ይታረሙ ይላል። ገበሬውም እንዲሁ የዓሣ ነጋዴው በቅድሚያ ይታረም ቢል ዓሣው በመካከል ያልቃል። ከዚህም ሌላ፥ ነጋዴ የራሱን ድርሻ ፈጽሞ ሲገኝ በመንግሥት ፊት ቆሞ፥ በግድቡ ሥር ለዓሣ መውጫ የሚሆን ውሃ ይለቀቅ፥ ጠጠሩ በማይዛቅበት ወንዝ ላይ ክልል ይደረግ ብሎ ለመጠየቅ አፉ ይከፈታል። የራሱን ያላደረገ ሰው ግን ሲጠይቅ የሚሰማው የለም።

ክቡራን ነጋድያን፤ የጠየቅሁት ዓሣ አይጠመድ፥ መረብ አይሸጥ፥ ንግዱ ይቁም የሚል አይደለም። በሐይቁ ዳርቻ ያለው ሕዝብ ብዙ ነው፤ ዓሣም የሰው ምግብ ሆኖ የተሰጠ ነው። የጠየቅሁት በዓመት ውስጥ ለጥቂት ሳምንታት፥ በታወቁ ጥቂት የወንዝ አፎች ላይ፥ እናቲቱ ወጥታ እስክትመለስ ድረስ መንገዱ ይለቀቅላት ነው። ይህም የሚጠይቀው ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን ቀንን መጠበቅ፥ ውልን ማክበርና የመረቡን ዐይን መለካት ነው። እነዚህ ሦስቱ ደግሞ ከነጋዴ ሥራ ውጭ የሆኑ አይደሉም፤ ቀን፥ ውልና ልክ የንግድ ሁሉ መሠረት ናቸውና።

ከሰኔ በፊት ምክር ቤታችን የመረብ አስመጪዎችን፥ የዓሣ ነጋዴዎችን፥ የባለሆቴሎችንና የአጥማጅ ማኅበራትን ተጠሪዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢሰበስብ፥ ለሚመጣው ክረምት ይደረስለታል። ከሰኔ በኋላ የሚደረገው ስብሰባ ግን ለከርሞ ይሆናል፤ ዓሣው ቀጠሮ አያራዝምምና።